የጥናቱ ውስንነቶች

የአውሮፓን ፖለቲካ ያጠና የነበረው የዩኒቨርሲቲ ቡድን በተበተነ በዓመቱ፣ ከቀድሞ ተመራማሪዎቹ አንዱ ምንተስኖት ሊያገባ ፈልጎ ሦስት ባልደረቦቹን ሽማግሌ ላከ። ተናጋሪ የሆነው ስለ ጥምር መንግሥታት ብዙ የጻፈው ነው።

የልጅቷ ቤት ደጃፍ ሲደርሱ ምንተስኖት ለተናጋሪው ደወለለት። "አደራህን፣ ጥናት እንዳታቀርብ።"

የልጅቷ አባት አቶ ቢተው፣ እንደ ወጉ የቆሙትን ሽማግሌዎች "ልጁ እንዴት ያለ ነው?" ብለው ጠየቁ።

ተናጋሪው የምንተስኖትን ትጋትና ጨዋነት በማስረጃ አስረዳ። ከዚያ፣ አሥር ዓመት የለመደው ነገር ነውና፣ ወደ ጥናቱ ውስንነቶች አለፈ።

"በሌላ በኩል ያኮርፋል። በአማካይ አራት ቀን። መጽሐፍ ተውሶም አይመልስም።"

አንደኛው ሽማግሌ ኮቱን ጎተተው። ሌላው "ሦስት ቀን ነው" ብሎ አረመው።

አቶ ቢተው ተናጋሪውን ከላይ እስከ ታች አዩት።

"ለዚች ልጅ አምስት ጊዜ ሽማግሌ መጥቷል። ሁሉም ያመጡልኝ መልአክ ነው። እውነት የነገርከኝ አንተ ብቻ ነህ።"

ሦስቱም ተንፈስ አሉ።

"እስቲ አንተ ቁጭ በል" አሉት ተናጋሪውን። "ለመሆኑ አግብተሃል?"

ኪሱ ውስጥ ስልኩ ጠራ፤ ምንተስኖት ነበር።

ስልኩን አጠፋና ተቀመጠ።

"ኧረ አላገባሁም፣ አባቴ።"