ሰባተኛው ሸሚዝ

መስከረም አንድ ቀን 2071 ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ከሩብ ላይ ማህደር የሦስት ወር ሕፃኗን ታቅፋ መስታወቱ ፊት ቆመች። በዚያ ዘመን ልጅ የሞተበት ቤት ሁሉ እንዲህ ያለ መስታወት ነበረው። ወላጅ በእንቁጣጣሽ ጠዋት «እደግ» ብሎ ከመረቀ በውስጡ የሚታየው ልጅ አንድ ዓመት ያድጋል፤ ካልመረቀ ባለበት ይቀራል። በአራት ዓመቱ የሞተው ልጇ ይትባረክ ስድስት ጊዜ ተመርቆ አሥር ዓመት ሆኖታል። ስድስት የበዓል ሸሚዞቹ ሳይለበሱ ሣጥን ውስጥ ተቀምጠዋል፤ ሰባተኛው ዘንድሮ ተገዝቷል።

የዘጠኝ ዓመቷ እህቱ ብሌን ጀርባዋን ለመስታወቱ ሰጥታ ተንጠራራች።

«እማዬ፣ ደረስኩበት?»

«ተረከዝሽን አውርጂ፣ አንቺ ቀጣፊ!»

«ሁልጊዜ እሱ ይበልጠኛል። ምሳ እንኳን ሳይበላ!»

ማህደር ሳቋ አመለጣት። ወዲያው ዓይኗ የልጅቷ ቀሚስ ላይ አረፈ። የአምናው ነው፤ አጥሮ ከጉልበቷ በላይ ወጥቷል።

ይትባረክ እንደ ልማዱ ለምርቃቱ አንገቱን ዝቅ አድርጎ ይጠብቃል።

«በይው እንጂ እማዬ፣ አንገቱን ያመዋል» አለች ብሌን።

ማህደር መስታወቱን ለረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ እጇን ብሌን ራስ ላይ ጫነች።

«እደጊ» አለቻት። የሕፃኗንም ግንባር ሳመች፤ «አንቺም እደጊ።»

አዲሱን ሸሚዝ አምጥታ ብሌንን አለበሰቻት። እጅጌው ስለረዘመ ሁለቴ አጠፈችላት።

በዓመቱ እንቁጣጣሽ እጅጌው ልክ ሆነላት፤ ወንድሟንም በሁለት ጣት በለጠችው።