መርዶ ነጋሪው ሳይደርስ

ምስክር የእናቱ አጥር ጥግ ሲደርስ የሚለቀሰው በራሱ ስም ነው። መጀመሪያ የሰማውን አያምንም። ከዚያ የእናቱ የአልጣሽ ድምፅ ከሌሎቹ በላይ ይወጣል፤ «ምስክሬ፣ የበኩር ልጄ» ትላለች፤ ሴቶቹ ይቀበሏታል።

የእናቱ ወንድም አያ ዘሩ ክንዱን ይይዙታል። ሁለቱ ከፍኖተ ሰላም ወደ እናቱ ከተማ ወደ ፈረስ ቤት የመጡት ሌላ መርዶ ይዘው ነው። ታናሽ ወንድሙ ወንድምአገኝ፣ ቡሬ የሚያስተምረው፣ ትናንት የተሳፈረበት መኪና ተገልብጦ ሞቷል። አስከሬኑ ነገ ይመጣል። ሐሳባቸው ዛሬ ከዚህ አጥር አልፎ ካለው ከአያ ዘሩ ቤት አድረው፣ የንስሐ አባቷን ይዘው፣ ጎሕ ሲቀድ ሊያረዷት ነበር። መርዶ እንደዚያ ነው የሚነገረው፤ ሰው ተሰብስቦ፣ የምትወድቀውን የሚደግፍ ክንድ በአጠገቧ ሆኖ።

ጎረቤታቸው ውዳሴ፣ የጤና ጣቢያዋ ነርስ፣ ከግቢው ትወጣለች። ታየዋለች። የአጥሩን እንጨት ትጨብጥና እዚያው ትቀራለች። ስሙን በሹክሹክታ ትጠራለች። ከዚያ ስልኳን አውጥታ ትሰጠዋለች።

የራሱን የሚስቅ ፊት ያያል። ከሥሩ በደማቅ ፊደል፦ «በድንገተኛ የመኪና አደጋ የተለየን ውድ ወንድማችን…» ይላል። ከዚያ በኋላ ነጥቦች ናቸው። የወንድሙ ስም ከነጥቦቹ ወዲያ ቀርቷል።

የምስክር ሙያው ይኸው ነው። ለፍኖተ ሰላም ሆቴሎችና ሱቆች የኢንተርኔት ገጽ ይሠራል፤ ሊንኩ በቴሌግራም ወይም በፌስቡክ ሲላክ አምሮ እንዲታይ ያደርጋል። ሰው ሊንክ አይከፍትም ይላቸዋል፤ የሚያየው ፎቶውንና ከሥሩ ያለችውን መስመር ነው። ስሙን አስቀድሙ፣ የሚታየውን ፎቶ ለይታችሁ ስጡ፤ ካልሰጣችሁት ቴሌግራም ራሱ ያገኘውን ያነሣል። ትናንት የወንድሙ ባልደረቦች የቀብሩን ቦታና ሰዓት እንዲያውቁ ብሎ ገጹን ሲሠራ ግን ይህን ሁሉ ረሳው። ስሙን ከመጨረሻ አደረገው። ፎቶ ሳይለይ ላከው። ገጹን ያሳረፈው በራሱ ድረ ገጽ ሥር ነው፤ የዚያ ራስጌ ላይ ያለው ደግሞ የምስክር የራሱ ፎቶ ነው።

ፈረስ ቤት ኔትወርክ ከጠፋ ሰንብቶ ነበር። ለእናቱ ከእሱ በፊት የሚደርስ ነገር ያለ አልመሰለውም። ውዳሴ እንደምትነግረው ቀትር ላይ ኔትወርኩ ለጥቂት መጣና ተመልሶ ጠፋ። በዚያች መሐል ይህ ሊንክ ገባላት፤ ልትከፍተው ብትል እምቢ አላት፤ ብትደውልለት ስልኩ ዝግ ነው አላት። እናቱ አጠገቧ ነበረች። ማንበብ አትችልም፤ የልጇን ፊት ለማወቅ ግን ማንም አላስፈለጋትም።

«ታዲያ የሞተው ማን ነው?» ትላለች ውዳሴ።

ምስክር «ውድ ወንድማችን» የሚለው ላይ ጣቱን ያሳርፋል። እሷም ቀስ ብላ አፏን በነጠላዋ ትይዛለች።

«ግባ» ይሉታል አያ ዘሩ። «ያንተን ሞት አስቀድመህ አንሣላት። ሌላው አይቀርም፣ ይደርሳል።»

ይገባል። ዝምታው ከዳር ካሉት ሴቶች ይጀምርና ወደ መሐል ይሄዳል። አንዷ ታማትባለች። እናቱ የተማሪነት ጃኬቱን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ ተቀምጣለች፤ ድንገት ብቻዋን የምታለቅስ መሆኗን ስታውቅ ቀና ትላለች።

ትነሣለች። ጆሮውን፣ አገጩን፣ አንገቱን ትዳስሳለች።

«ትሞቃለህ» ትለዋለች።

«አለሁ፣ እማ።»

ከእግሩ ሥር ተደፍታ መሬቱን ትስማለች። ተመስገን ትላለች፣ ጌታዬ ተመስገን፣ ከእንግዲህ ምንም አልጠይቅህም። አንዷ እልል ስትል ሌሎቹ ይከተላሉ፤ እንባቸው ገና ከጉንጫቸው አልደረቀም። ምስክር ሊያነሣት ጎንበስ ይላል፤ አብሯት ይንበረከካል። ተመስገን የምትለው በማን ምትክ እንደሆነ የሚያውቁት እሱ፣ አያ ዘሩና በር ላይ የቆመችው ውዳሴ ብቻ ናቸው። በቃሽ ሊላት ይፈልጋል። በሕይወቱ እንዲህ የተወደደበት ቀን የለም፤ ፊቱን የሚሰውርበት አጥቷል።

እናቱ ፊቷን በጃኬቱ እጅጌ ትጠርጋለች። አሁን ሌላ ሐሳብ መጥቶባታል።

«ወንድምህ ይህን ወሬ ሰምቶ ይሆናል። ደንግጦ መንገድ ጀምሮ ይሆናል። ሰው ላኩበት።»

«ነገ ጠዋት ይመጣል፣ እማ።»

ውሸት አልተናገረም። ሊዳብሰው ጉንጩ ላይ ያረፈው የእናቱ እጅ ባለበት ይቆማል። ዓይኑን ትፈልጋለች፤ አይሰጣትም። ወደ ወንድሟ ትዞራለች፤ አያ ዘሩ ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው ስበው መሬት መሬት ያያሉ።

«ማን ያመጣዋል?» ትላለች።

እልልታው ከአንዱ ጥግ ይቆማል፣ ከሌላውም።

እናቱ አፏን ትከፍታለች። ትንፋሽ ብቻ ይወጣል። የነበራትን ድምፅ ሁሉ ከቀትር ጀምሮ ለምስክር ጨርሳዋለች። ሴቶቹ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው የወንድምአገኝን ስም እስክትጠራላቸው ይጠብቃሉ።