የርግኣት ሊጥ

ሱዳን፣ ዶካ ከተማ ውስጥ የርግኣትን ሊጥ ያልቀመሰ ሎሪ የለም።

ተንኮሏ ቀላል ነው። የሱዳናዊቷን የአማልን ወፍጮ ቤት ስትጠርግ ትውልና አንድ እፍኝ የማሽላ ዱቄት ዘግና ጠጠር አድርጋ ታቦካለች። ሹፌሩ ወንበሩ ላይ ወጥቶ ስንብት ሲያበዛ፣ እሷ ከኋላ ተስባ ሄዳ ጭስ ማውጫው ውስጥ ትወትፋለች። ሞተሩ ሲያጓራ እግሬ አውጪኝ ትላለች። ሎሪው ሁለቴ ያስልና ቀጥ ይላል። ወደ ቁረይሻ እርሻ የተጫኑት ሠራተኞች ከላይ ሆነው በሳቅ ይፈርሳሉ። ሹፌሩ አባቷን ይሰድባል። አባቷ ሞቷል፤ ስድቡ አይደርሰውም።

"አንቺ ሰይጣን፣ አንድ ቀን ይይዙሻል" ይላታል መካኒኩ ጋሽ ስንሻው።

"ማን ሊይዘኝ? ሞተሩ ራሱ እኮ 'ሽሺ!' ይለኛል።"

አሥራ አምስት ዓመቷ ነው። ከታላቅ እህቷ ከዳናይት ጋር መንደር ስምንት የስደተኞች ካምፕ ከገቡ አምስት ዓመት አለፋቸው። ከዳናይት ሌላ ሰው የላትም።

በክረምቱ ጎይቶም የሚባል ሰው ከፖርት ሱዳን መጣ፣ ሎሪ ላይ ቀይ ስፖርት መኪና ጭኖ። አፍንጫዋን ወደ ወፍጮ ቤቱ ግድግዳ አዙሮ አወረዳት። እስከ ግድግዳው ድረስ ሸራ አለበሳትና አጠገቧ አልጋ ዘርግቶ ከረመ። በሳምንቱ ዳናይትን ላግባ አለ።

"የዘንድሮ ናት" አለ መኪናዋን በሸራው ላይ እየደባበሰ። "በጋላባት አሻግሬ አዲስ አበባ እሸጣታለሁ። ለዳናይት የልብስ ሱቅ እከፍትላታለሁ።"

ጋሽ ስንሻው ከት ብሎ ሳቀ። "የዘንድሮ! ስማ ወንድሜ፣ ሐዋጆቹ፣ ፈረንጆቹ፣ በጭስ ላይ ሕግ አውጥተው ፋብሪካው ሁሉ እንዲህ ያለውን ሞተር መሥራት እየተወ ነው። አዲሱን በሻማ ብትፈልግ አታገኘውም። በኛም አገር ቢሆን ጭስ ያላት አዲስ መኪና ኬላውን አታልፍም። ይቺ የተኳኳለች አሮጊት ናት! እስቲ ክፈታትና ሞተሯን እንየው።"

ጎይቶም አማልን በጎን አየ። ሸራውንም አላነሳም።

አማል ሰውየውን ከመጀመሪያውም አልወደደችውም። "ወላሂ ዓይኑ ያስፈራኛል። እዚህ ካረፈ ወዲህ መብራቴ ድንግዝግዝ፣ ወፍጮዬ አልፈጭም አለኝ። ቡዳ ነው።"

ርግኣት ይሄን ሁሉ ሰምታ አልሳቀችም። አምና ከመንደር ስምንት ሦስት ልጃገረዶች "ሱቅ" ተብለው ተወስደዋል። አንዷ ከሊቢያ ደውላ አለቀሰች። ሁለቱ አልደወሉም።

"በመኪናው የዋሸ በሱቁ አይዋሽም?" አለቻት እህቷን።

"ታዲያ እዚሁ እንበስብስ? ደርሼ እወስድሻለሁ፣ ርግኣተይ።"

"ያቺ አሮጊት ሊጤን ሳትቀምስ ንቅንቅ አትልም።"

ዳናይት እንባዋን እየጠረገች ሳቀች። ርግኣት ግን የምሯን ነበር። መኪናዋ ከቆመች ጋሽ ስንሻው ይከፍታታል። ከከፈታት ውሸቱ ይወጣል። ውሸቱ ከወጣ ዳናይት ትቀራለች።

እሁድ ረፋድ ላይ ሸራው ተነሳ። ዳናይት ሻንጣዋን አቅፋ ገባች። ጎይቶም መሪውን ይዞ በመስኮት ከሰው ጋር ይጨባበጣል። ርግኣት ጋሽ ስንሻውን በዓይኗ ጠቀሰችውና በደረቷ ተሳበች። ጋሽ ስንሻው ሳቁን ለመያዝ አፉን በእጁ ከደነ።

መኪናዋ ዝቅ ያለች ናት። ርግኣት ጉንጯን መሬት አስነክታ ሊጥ የያዘ እጇን ሰደደች። በግራ ዳበሰች። በቀኝ ዳበሰች። ጆሮዋን ወደ ሞተሩ ጣለች። ዝም ብሏል። ገና ጊዜ አላት። ጭንቅላቷን ከስር አስገባች።

መጀመሪያ የጮኸው ሞተሩ አልነበረም። አማል ነበረች፤ መኪናዋ ድምፅ ሳታሰማ ወደ ኋላ ተንሸራታለች።

ዳናይት ያን ቀን የትም አልሄደችም።

ልጅቷን አንስተው ከወሰዷት በኋላ፣ ጋሽ ስንሻው መሬት ላይ የቀረውን ሊጥ አነሳና ከመኪናዋ ስር ገባ። ከዳር እስከ ዳር በጣቱ ዳበሰ። አፍንጫዋ ዞሮበት በከረመው ግድግዳ ላይ ወፍራም የመብራት ገመድ ተሰክቶ ቀርቷል።

ጭስ ማውጫ አልነበራትም።