ሰባ አራት ኪሎ

የፋብሪካው ወረቀት አንድ ሺህ አራት መቶ ሃያ ኪሎ ይላል፤ ሚዛኑ ግን በቀይዋ የስፖርት መኪና ላይ ሰማንያ ሦስት ኪሎ ጨመረባት። ባለመኪናው ደሙ ፈላ። «ሚዛንዎ ነው ቀጣፊው፣ ጋሼ!» አለ። መዛኙ ፈገግ ብሎ መኪናዋን አስወረደና ጫማውን አወለቀ። «እኔ ሃያ ዓመት ሙሉ ሰባ አራት ኪሎ ነኝ፤ ከፈለግህ ሚስቴን ጠይቅ» ብሎ ራሱ ወጣበት።

ሚዛኑ ስልሳ ስድስት አለ።

«አላልኩዎትም!» ባለመኪናው አጨበጨበ። መዛኙ ወርዶ ለመፈተሻ የሚጠቀምበትን የሃያ ኪሎ ብረት ሚዛኑ ላይ አኖረ። ልክ ሃያ። ሌላውን ደረበበት። ልክ አርባ። እጁ ሳያስበው ወደ ቀበቶው ሄደ፤ ባለፈው ሳምንት በምስማር ወደበሳት አዲስ ቀዳዳ። ያን ለት ሚስቱ «ከሳህ እኮ» ስትለው፣ «ቀበቶው ነው የላላው» ብሏት ነበር።

ባለመኪናውም ቀዳዳዋን አያት። ወረቀቱን አጣጥፎ ኪሱ ከተተና ጎንበስ ብሎ ሦስተኛውን ብረት አነሳ።

«እስቲ ይቺንም ጨምረን እንየው፣ ጋሼ» አለ ቀስ ብሎ። «ምናልባት ሚዛኑ ይሆናል።»