የቫልቩ ጥፋት

ጭሱን ወደ ሞተሩ የሚመልሰውን ቫልቭ መካኒኩ ጥላሸቱን ፍቆ ካጸዳው ገና ሳምንቱ ነው። የጭነት መኪናው ግን ዳገት አልወጣ ብሎ ዛሬ ተመልሶ መጣ። ባለቤቱ ከጠዋት ጀምሮ በስልክ ይጮህበታል።

"ምን ዓይነት ሥራ ነው የሠራኸው? ዛሬ ማታ እንደገና ይጫናል፣ ሰማህ?"

መካኒኩ የደከመ ወገቡን ይዞ ኮፈኑን ከፈተ።

"ላቀው፣ እስኪ ሞተሩን አስነሣው!" አለ ወደ ጋቢናው።

ዞሮ ወደ ውስጥ ተመለከተ። ሾፌሩ ላቀው መሪው ላይ ተደፍቶ፣ አፉን ከፍቶ እንቅልፍ ወስዶታል። መንገድ ለመንገድ ሲንከራተት ከርሞ ዓይኑ ሥር ጠቁሯል።

ሊቀሰቅሰው አሰበና ተወው። ራሱ ቫልቩን ሊፈታ እጁን ሲሰድ፣ ባለፈው ሳምንት ራሱ አጥብቆ የሰካው የቫልቩ የኤሌክትሪክ ሶኬት ተነቅሎ አገኘው፤ እሱ ከተነቀለ ደግሞ ሞተሩ ጉልበት ያጣል። አቧራ እንዳይገባበት በፌስታል ተጠቅልሎ በክር ታስሯል።

ስልኩ ጮኸ።

"እህስ፣ ምን ሆኖ ነው?"

መካኒኩ ወደ ጋቢናው አየ።

"የእኔ ጥፋት ነው ጋሼ። በደንብ አላጸዳሁትም ነበር። ከነገ በፊት አይደርስም።"

ስድቡን እስከ መጨረሻው አዳመጠ። ከዚያ ኮፈኑን ድምፅ ሳያሰማ ቀስ አድርጎ ዘጋው።