መብራቱ ያልበራ ማይክሮስኮፕ

«ይኸውልዎት አባባ፣ ሴል ማለት ይህ ነው» አለች የላቦራቶሪ ባለሙያዋ፣ ባልደረቦቿ ፊት በኩራት። አባቷ አጎንብሰው ዓይናቸውን ማይክሮስኮፑ ላይ አሳረፉ። «ወይ ጉድ! ሲያምር! ቀለሙ ደግሞ!» አሉ።

ተራዋን ብታይ ድቅድቅ ጨለማ ነው፤ ለካ መብራቱን አላበራችውም። «አባባ ደግሞ! ጨለማውን ነው እንዴ ያደነቁት?» ስትል ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። አባቷም አብረው ሳቁ። መብራቱን አብርታ «አሁን ይዩ» አለቻቸው።

እሳቸው ግን አላጎነበሱም። ከዘራቸውን ፍለጋ ጠረጴዛውን መዳበስ ጀመሩ። ጥቁሩ ከዘራ ነጩ ጠረጴዛ ላይ፣ አፍንጫቸው ሥር ተጋድሟል፤ እጃቸው ግን አልፎት ሄደ። ቀኑን ሙሉ በዓይን የማይታየውን ስትፈልግ የምትውለው ልጅ ከዘራውን አንስታ፣ አንገቷን ደፍታ አስያዘቻቸው። «እንዳላሳፍርሽ ብዬ ነው እኮ ልጄ» አሉ ቀስ ብለው። ከኋላዋ አንዱ ገና እየሳቀ ነበር።