እናቶችና አባቶች

የሥራ አስኪያጁ ጣት ስክሪኑ ላይ አረፈ። «ይኼ ‹እናቶችና አባቶች› የሚለው ከሪፖርቱ ይውጣልኝ። ‹ደንበኞች› በይው።»

የአረጋውያን መኖሪያው የኮምፒውተር ባለሙያ እጇን ከማውሱ ላይ አነሳች። ያን ስያሜ ያወጣችው ሲስተሙን የዘረጋችው ሟች እህቷ ነበረች፤ ከእጇ ሥራ ሳይነካ የቀረውም እሱ ብቻ ነበር። «ጋሼ፣ ሪፖርቱ ስያሜውን የሚወስደው ከዋናው መዝገብ ነው። እዚያ ከተነካ ከየገጹ ይጠፋል፤ ከአዳራሹ ስክሪን ሳይቀር።»

«ይጥፋ! የኔ እናት ቤቷ ነች። እነዚህ ከፍለው የሚኖሩ ናቸው።»

«ከፍለው ስለኖሩ እናትነታቸው ይሰረዛል?» አለች። ሰውየው ንቅንቅ አላለም። ፊደሎቹን አንድ በአንድ ስታጠፋ የእህቷን ዐይን ዳግመኛ የምትከድን መሰላት። «ደንበኞች» ብላ ጻፈች።

አዳራሹ ውስጥ፣ ስክሪኑን በየቀኑ ጮክ ብለው ለሁሉም የሚያነቡት ሽማግሌ ገና አፋቸውን እንደከፈቱ መነጽራቸውን አወለቁ። ወልውለው እንደገና አዩ። ከዚያ በክፍቱ በር ወደ እሷ ዞሩ።

«ልጄ» አሉ፣ «እኛስ የት ገባን?»